ባዶው ስላይድ

ሳሉ ሁለት ሳምንት አልለቅ ሲለኝ ልጄ አክታ መቀበያዋን ይዛ መጣች። እሷም እንደኔ የላቦራቶሪ ሰው ናት። የእሷ ማሽን ግን ቲቢን በዘር ምልክቱ ለይቶ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይናገራል። «ማታ ውጤቱን ይዤ እመጣለሁ» ብላኝ ሄደች። ስጠብቃት የዋልኩት አያንቱን እያሰብኩ ነው።

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ እሠራ ነበር። ነጭ ጋዋን ስለምለብስ ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይለኛል፤ ደስ ስለሚለኝ አላርምም። ያኔ አክታውን ስላይድ ላይ ቀብተን፣ ቀይ ቀለም አፍስሰን በእሳት እናሞቀውና በአሲድ አጥበን ሰማያዊ ቀለም እንደርብበታለን። የቲቢ ተሕዋስ ግትር ነው፤ ሌላው ሁሉ ቀለሙን ሲለቅ እሱ አይለቅም። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሰማያዊ መሬት ላይ የወደቁ ቀጫጭን ቀይ ዘንጎችን ይመስላል። በየመሃሉ በውሃ ማለቅለቅ አለ፤ ጉዱ የመጣው ከዚያ ነው።

ያን ጥር ቧንቧችን ደረቀ። የክሊኒኩ ሾፌር ጋሽ በቀለ ለጉልበቱ ሶደሬ ይመላለስ ስለነበር ከፍል ውሃው በጀሪካን ይቀዳልኝ ጀመር።

«ይኼ ውሃ ስንቱን ያዳነ ነው» አለኝ። «እንኳን ጀርም፣ ሰይጣንም አይጠጋው።»

ያን ሁሉ ተምሬ አመንኩት።

አያንቱ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። ዓለም ጤና ከተማ አጠገብ ሽንኩርት ማሳ ላይ የምትሠራ፣ ጡት የሚጠባ ልጅ ያዘለች ወጣት ናት። ቀዮቹን አየኋቸውና አለባት ብዬ ጻፍኩ። ውጤት መንገር የሐኪሙ ሥራ ነበር፤ እኔ ግን በር ላይ ይዣት «ልጁን አርቂው፣ ትጨርሺዋለሽ» አልኳት። ምን አስቸኮለኝ?

ከዚያ በኋላ ቀዮቹ በዙ። የሳለ ሁሉ አለበት ሆነ። ሳል የማያውቁት ዘበኛችን ለቀልድ አክታቸውን ሰጡኝ፤ አለባቸው። በሦስተኛው ሳምንት የራሴን አየሁ፤ አለብኝ። ቀትር ነበር፤ ክሊኒኩ ጭር ብሎ ነፋሱ አቧራውን መስኮቱ ላይ ይበትናል። ዓይኔ ውስጥ ይሆኑ እንዴ ብዬ ዓይኔን ታጠብኩ፣ በዚያው ውሃ። ቀጥዬ የማንም አክታ ያልነካው አዲስ ስላይድ አወጣሁና ቀለሙንም፣ አሲዱንም፣ ውሃውንም እንደ ወጉ አደረስኩት። ጎንበስ ብዬ ሳይ እዚያም ነበሩ፤ ቀጭን፣ ቀይ፣ ዝም ብለው የተኙ። በሽታው ሰው ሳያስፈልገው ብቻውን መጥቶ የሚጠብቀኝ መሰለኝ።

ዘወር ብዬ ጀሪካኑን ያየሁት ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሆነ አላውቅም። የቲቢ ዘመድ የሆኑ፣ እንደሱ ቀለም የማይለቁ ተሕዋስያን ውሃ ውስጥ እንደሚኖሩ መምህራችን ነግረውን ነበር። ማቀዝቀዣ ውስጥ የቀረውን የአያንቱን አክታ ከሆስፒታል በለመንኩት ጥቂት የተጣራ ውሃ ደገምኩት። ምንም የለም። የክሊኒኩ ኃላፊ «አንቺው ነሽ ያስፈራራሻት፣ አንቺው ሄደሽ ንገሪያት» አሉኝ።

በሞጆ በኩል በአውቶቡስ ሄድኩ። አያንቱን ያገኘኋት ከሽንኩርቱ ማሳ ዳር፣ ለብቻዋ በተሠራላት ዳስ ውስጥ ነው። ምግቧን ድንጋይ ላይ አስቀምጠውላት ይሄዳሉ። ስታየኝ አፏን በሻሿ ያዘች።

«አካም ጅርታ ሲስተር። እዚያው ቁሚ።»

ጥፋቱ የእኔና የውሃው እንደሆነ ነገርኳት።

«በዓይንሽ አይተሻቸው የለ?» አለች። «ዛሬ የሉም ትያለሽ። ነገ ቢመጡስ?»

እጄን ስዘረጋላት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። አማቷ ሕፃኑን ይዘው መጡ፤ አያንቱን ሲያይ ፊቱን አማቷ ትከሻ ላይ ደበቀ።

«ጡቴም ደርቋል» አለች። «እዚያው ይሁን።»

ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ማምሻውን ልጄ ሕፃን ልጇን አቅፋ ገባች። «ምንም የለብሽም እማዬ።»

«ባዶውንስ ሞክረሻል?»

«ማሽኑ ራሱን ይፈትሻል» ብላ ሳቀችና ሕፃኗን ልታሳቅፈኝ ቀረበች። በነጠላዬ ጫፍ አፌን እንደያዝኩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። ያኔ ከዳሱ የተመለስኩት አያንቱን «ነገር የማይገባት» ብዬ በልቤ ተቀይሜያት ነበር። ልጄ «ምነው እማዬ?» እያለችኝ እንኳ እጄ ቶሎ አልዘረጋ አለኝ።