ጠይቃ ዝም የምትለው ሴት

ጽሑፍ ብዙም አልችል፤ ይችን ሴት ግን ልጻፋት። ጫማ ወደምጠግንበት በረንዳ ለማስተርስ መመረቂያ ጽሑፏ፣ እኔንና በረንዳው ላይ የሚነግዱትን ስለ ሥራችን ልትጠይቀን መጣች። መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ትወለውላለች፤ ቦርሳዋን ስትከፍት የሕፃን ካልሲ ወደቀ። «ደንበኛ ቀንሷል፣ አይደል?» ስትለን ይሉኝታ ይዞን ሁላችንም «አዎ» አልን።

ትናንት ተመልሳ፣ «መምህሬ መልሱን አንቺው አጉርሰሻቸዋል ብለው ጽሑፌን መለሱብኝ። አሁንም ከወደቅኩ ዘንድሮ አልመረቅም» አለችን። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ጋሼ፣ ሥራ እንዴት ነው?» ብላ ዝም አለች።

ጎረቤቴ ቀበቶ ሻጩ፣ «ጋሼን ከማናገር ጫማውን ማናገር ይቀላል» ብሎ ሳቀ።

እሷ ግን ጠበቀችኝ። አወራሁ፤ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ አወራሁ።

«አሁን ገና መጠየቅ ቻልኩ» አለች። አንገቷን ቀና አድርጋ ስትሄድ፣ እኔም ሳላስበው ቀና ብዬ ነበር።