ከአባቴ የወረስኩት ነጭ ፀጉር

ትናንት የተወለደችውን የልጅ ልጄን ሳቅፋት፣ ግንባሯ ላይ ትንሽ ነጭ ፀጉር አየሁ። አባቷም አለው፤ እኔም አለኝ። ለእኔ ያወረሰኝ አባቴ ነው።

አባቴ በመካነ ሰላም አካባቢ ባላባት ስለነበር፣ አብዮቱ ሲመጣ ሸፈተ። የሚፈልጉት ሰዎች የሚያውቁት በዚያ ነጭ ፀጉሩ ነበር። እናታችን ቀደም ብላ በረሃቡ ዘመን ሞታ ስለነበር፣ እኔንና ወንድሜን የአባቴ አክስት ወደ አቀስታ ከተማ ወስደው፣ "ወላጅ የሌላቸው ናቸው፤ ከመንገድ አንስቻቸው ነው" እያሉ ያኖሩን ጀመር። ወንድሜ ፀጉሩ እንደ እናታችን ጥቁር ነውና ደጅ ይጫወታል። እኔ ራሴን ተላጭቼ፣ ነጩ የሚበቅልበትን ጥላሸት ተቀብቼ፣ ሻሽ አስሬ፣ በበሩ ስንጥቅ አየዋለሁ።

"እትዬ፣ ነጩ ፀጉር እሱ ላይ ለምን አልወጣም?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"እሱ የእናቱን ወሰደ፤ አንቺ የአባትሽን። አያትሽ፣ እህቴም፣ ከወለደቻቸው ሁሉ ለአባትሽ ብቻ ነው የደረሰው። ዘር ለማን እንደሚወጣ ማን ያውቃል ልጄ?"

አንድ ጠዋት ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ ገባ። ሻሼን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ አላበኝ፤ ጥላሸቱ የሚታጠብ መሰለኝ።

"ቆረቆር ይዟት ነው የኔ ልጅ፤ እንዳይጋባብህ" አሉት እትዬ ረጋ ብለው።

እጁን ሰበሰበና ወጣ።

አባቴ የት እንደቀረ እስከ ዛሬ አልሰማንም። ትናንት ልጄ፣ "ፀጉሯ አያምርም?" ሲለኝ፣ "ያምራል" አልኩት። እኔ ግን ዛሬም ሳልከናነብ ከቤት መውጣት አልችልም።