የየሺ ባና ናይሮቢ ሲገባ

ደብረ ብርሃን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት

በሰሜን ሸዋ ምድር የነጻ ንግድ ስምምነትን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልተፈጠረም። ከጎረቤት አገሮች ጋር የትኛው ዕቃ ያለ ቀረጥ እንደሚያልፍ ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እዘረዝራለሁ። ድንበር ግን አይቼ አላውቅም። ሩቅ ሄድኩ ካልኩ የጣርማ በርን ዋሻ ማለፌ ነው፤ እሱንም አስመልሶኝ ተመልሻለሁ።

ዛሬ ወደ አንኮበር የሚያስነሳኝ ቅናት ነው። ድሮ ለእኔ የበግ ጠጉር ትፈትል የነበረችው የሺ፣ አሁን የራሷን ባና ሠርታ ናይሮቢ ትልካለች አሉ። የእኔ ብርድ ልብሶች ሱቄ ውስጥ የአይጥ መኝታ ሆነዋል። በሚቀጥለው ጭነቷ የእኔንም እንድታስገባልኝ ልለምናት ነው። ልለምናት አልኩ እንዴ? ዕድሉን ልሰጣት ነው።

2 ሰዓት፣ መንገድ ላይ

ብርዱ ጥርስ ይነቅላል። የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ በግ፣ አሁንም በግ። በጎቹ ሁሉ የየሺ ዘመዶች መሰሉኝ። የሚኒባሱ ሾፌር ሳይጠየቅ ጀመረ።

«የሺ ጋ ነው የሚሄዱት? አቤት ጉብዝና! ኬንያ ድረስ እኮ…»

«ሰማሁ።»

«ቀረጥ የለ፣ ምን የለ…»

«ሰማሁ አልኩህ! አንተ መንገዱን እይ።»

4 ሰዓት፣ አንኮበር

ቆርቆሮዋ አዲስ፣ በሯ አዲስ፣ ጥርሷ ሳይቀር አዲስ መሰለኝ። ቆሎና ጠላ አቀረበችልኝ። ያመጣሁትን ብርድ ልብስ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችና አንድ ክር መዝዛ ክብሪት ጫረች።

«ምነው የሺ፣ ልታቃጥዪኝ ነው?»

«ጋሼ ተካ፣ ያለ ቀረጥ የሚያልፈው የዚሁ አገር ሥራ ነው። በጉም ክሩም የእኛ ነው ብዬ ወረቀቱ ላይ የምፈርመው ደግሞ እኔ ነኝ። የበግ ጠጉር ሲነድ ይከረፋል።»

አልከረፋም። እንደ ሻማ ቀልጦ መሬት ላይ ጠብ አለ።

«ይሄ በግ የት አገር ነው የሚግጠው?»

«በስህተት ያነሳሁት ነው! ይልቅ ይሄን የለበስኩትን ፈትሺ» ብዬ ትከሻዬ ላይ ያለውን ባና ዘረጋሁላት። ክሩ ነደደ፤ ቤቱን የተቃጠለ ጸጉር ሽታ ሞላው። ደረቴን ልነፋ ስል የባናውን ጠርዝ ገልበጥ አደረገችው።

«ቋጠሮው የእኔ ነው እኮ፣ ጋሼ። የእርስዎን አልፈርምም።»

ልክ ናት። አሊዩ አምባ ገበያ ሰው ልኬ ያስገዛሁት ነው። «የመንዝ በግ» እያልኩ ስሸጥላችሁ የኖርኩት ከውጭ የመጣ ናይሎን ነው። አያሞቅም። እኔ የምለብሰው የየሺን ነው።