የአያቴ አፈሙዝ

በኢሕአዴግ ጊዜ ነው። ከደቡብ አፍሪካ የተመለሰው የአክስቴ ልጅ ቦኖሻ ቤታችን መጥቶ መጽሔት ዘረጋ፤ ካርቦን ፋይበር ከሚሉት፣ ከብረት ከቀለለ ነገር የተሠራ የጠመንጃ አፈሙዝ ሊያሳየን። «ክብደት የለውም፣ ዕድሜ ልክ አይበላሽም። ያንን አሮጌ ብረት ጣሉት» አለ።

አባቴ እናቴ ለመስቀል ካጠራቀመችው ቅቤ ቆንጥረው የአያቴን ጠመንጃ እየወለወሉ ነበር። «ይኼን አዲሱን ማን ሲወርሰው አየህ?» አሉት። መጽሔቱን አጥፎ ወጣ።

አባቴ ሲያርፉ ያው የአክስቴ ልጅ ጠመንጃውን ሊወስድ መጥቶ አነሳው። «ሴት ልጅ መሣሪያ አትወርስም» አለኝ፣ በለቀስተኛው ፊት። ጣሉት ያለውን ብረት! ከእጁ ነጠቅኩትና እንደ አገራችን የለቅሶ ወግ ወደ ሰማይ ተኮስኩ። ደንግጦ ጆሮውን ያዘ።

«ማን ሲወርሰው አየህ?» አልኩት።