የአጋዘኑ ውጤትና የእኔ አማርኛ

ባለፈው ቅዳሜ ሳድል ሪጅ ያለው ቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት ጎረቤቴ በወረቀት የተጠቀለለ የአጋዘን ሥጋ ይዞ ቆሟል። «ተመርምሯል፣ ንጹሕ ነው» አለኝ፣ ሳልጠይቀው። አሁን አሁን የዚህ አገር አዳኝ ሥጋ ሲሰጥ ከሰላምታ በፊት የሚናገረው ይህንኑ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ስትልጥ የነበረችው እናቴ ጥቅሉን አይታ መሳቅ ጀመረች። ሳቋ ሳያልቅ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ በሽንኩርቱም አላመካኘችም። ምን ትዝ እንዳላት አውቄያለሁ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። እዚሁ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ተወልጄ ማርቲንዴል የሚባል ሰፈር ነው ያደግኩት። አማርኛዬ ምግብ ለመጠየቅና ከወንድሞቼ ጋር ለመጣላት ይበቃ ነበር፤ ከዚያ ካለፈ ያነክሳል። ዛሬ እንዲህ መጻፍ የቻልኩት፣ አሁን በምነግራችሁ ነገር አፍሬ በኋላ ቁጭ ብዬ ስለተማርኩ ነው። መሀል ከተማ፣ ቤልትላይን፣ ከጓደኛዬ ጋር አንዲት ጠባብ አፓርታማ ተከራይተን እኖር ነበር፤ ጠዋት ካፌ እሠራለሁ፣ ከሰዓት ኮሌጅ እገባለሁ።

አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። አደን ያስለመደው የሥራ ባልደረባው ዳግ ነው። ሦስት ዓመት አብረው ሲወጡ አባቴ ከጉንፋን በቀር ይዞት የተመለሰ ነገር አልነበረም። እናቴ በር ላይ ተቀብላው «አጋዘኖቹ ሰላም ብለውሃል?» ትለዋለች። አጋዘን ማለት አገር ቤት ቀንዱ የተጠማዘዘ ሌላ እንስሳ መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ እኛ ቤት ግን የካናዳውም አጋዘን አጋዘን ነው።

በአራተኛው ዓመት፣ ኅዳር ውስጥ፣ ከከተማው በስተምሥራቅ ወንዙ ዳር ባለው ገደላገደል ቀናው። ዳግ እንደነገረኝ፣ አባቴ አጋዘኑን እንደመታ ጠመንጃውን ለእሱ አስረክቦ፣ ቢላዋውን መዝዞ፣ እስከ ጉልበት በሚደርስ በረዶ ውስጥ መሮጥ ጀመረ። ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ በስመ አብ ብሎ ካልባረከው ሥጋው እናቴ ቤት እንደማይገባ ያውቃላ! ደረሰም። «አባትሽ በዚያ ዕድሜው ሲሮጥ አጋዘኑም ሳይገርመው አልቀረም» አለኝ ዳግ።

ያ አካባቢ ግን በሽታ አለበት። አጋዘኖችን እያመነመነ የሚገድል፣ መድኃኒት የሌለው በሽታ ነው፤ አባቴ «አክሳዩ» ይለዋል። ዳግ ስለ እሱ ሲያወራ ፊቱ ይጨልም ነበር። «ክፋቱ መጀመሪያ ጤነኛ ይመስላሉ። ቆይቶ ነው ከስተው፣ ምራቃቸው እየተዝረበረበ፣ ሲራመዱ የሚንገዳገዱት» ይላል። አያቱ ያደኑበትን ሸለቆ ልጆቹ ሳያድኑበት ይቀራሉ ብሎ ይሰጋ ነበር። ወደ ሰው መተላለፉ አልተረጋገጠም፤ ቢሆንም የታመመውን አትብሉ ይባላል። ስለዚህ የአጋዘኑ ጭንቅላት ቁጥር ታስሮለት ለምርመራ ተሰጠ፤ ውጤቱ እስኪታወቅ ሥጋው ፍሪዘር ሊገባ ሆነ። የነቢያት ጾም ሊያዝ ጥቂት ቀናት ስለቀሩት መጠበቁ ማንንም አልከበደውም። ለገና መፈሰኪያ ይሆናል ተባለ።

ሥጋው ጋራዥ ውስጥ ሲበለት ላግዝ ሄድኩ። የጋራዡ በር ገርበብ ብሎ ብርዱ ከእግራችን ሥር ይገባል። አባቴ ደስታው ፊቱ ላይ ሞልቶ ከታፋው ቀይ ሥጋ ቆረጠ፣ ሚጥሚጣ አስነካና አጎረሰኝ። ሥጋው ቀዝቃዛና ለስላሳ ነበር፤ ትንሽ የዱር ቅጠል ይሸታል፤ ሚጥሚጣው አፍንጫዬን አቃጠለኝ። ዳግ ቢላዋውን አስቀመጠ።

«ገና አልተመረመረም እኮ» አለ፣ ዝግ ብሎ።

አባቴ ራሱ አልቀመሰም ነበር። ሁለተኛውን ጉርሻ እንደያዘ እጁ አየር ላይ ቀረ። «ኢትስ ኦኬ አባዬ፣ ሪላክስ» አልኩት። እሱ ግን ቢላዋውን ደጋግሞ አጠበ።

የገና በዓል አሥር ቀን ሲቀረው ውጤቱ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። በእንግሊዝኛ «አልተገኘም» ይላል። በደስታ ወዲያው ደወልኩ።

«አባዬ፣ ቼክ አደረግኩ። አልተገኘም!»

«አልተገኘም?»

«የስ! አልተገኘም።»

«ፈልገው ነው ያጡት?»

«አዎ፣ በደንብ ፈልገው። ምንም የለም።»

«እሺ። አንቺ እየበላሽ ነው?» ብሎ ስልኩን ዘጋ። እንዲህ ያለ ዜና አብስሬው ለምን እንዳልተደሰተ ገረመኝ።

ከዚያ በየቀኑ ይደውል ጀመር። ከስተሻል እንዴ? አያዞርሽም? ሱሪሽ አልሰፋሽም? መጨረሻ ላይ «አባዬ፣ ስቶፕ ኢት!» ብዬ ተቆጣሁት። ዛሬም ይቆጨኛል።

የገና ዕለት ማርቲንዴል ወላጆቼ ቤት ሄጄ ፍሪዘሩን ስከፍት ባዶ ነው።

«አባትሽ ጣለው» አለች እናቴ። «ጭንቅላቱ ጠፋ አላልሽም? ያልተመረመረ ሥጋ ልናበላ ነው?»

«ጠፋ አላልኩም! አልተገኘም ነው ያልኩት!»

«ታዲያ አልተገኘም ማለት ምንድን ነው?»

«በሽታው ነዋ! በሽታው አልተገኘም!»

እናቴ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ያዘች። «አልተገኘበትም በይ እንጂ! አልተ-ገኘ-በትም!»

አባቴ ሳሎን ሆኖ ሰምቶ ኖሮ በካልሲው መጥቶ በር ላይ ቆመ። «እስቲ ድገሚው» አለኝ።

«አልተገኘ...በትም፣ አባዬ። አም ሶ ሶሪ።»

አራት ዓመት የለፋበት ሥጋ በሁለት ፊደል ጉድለት ቆሻሻ ውስጥ ገብቷል፤ ቁጣውን ጠበቅኩ። እሱ ግን ፍሪዘሩን ተደግፎ «አንቺ ደህና ነሽ ማለት ነው?» አለ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ቀና ሲል እየሳቀ ነበር። «ሥጋው ገደል ይግባ!» አለ። ያን ገና የፈሰክነው በዶሮ ነው፤ እንደዚያ ቀን ዶሮ ጥሞኝ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ስናነሳ ስንጥል «ያኔ በስልክ እንዴት አድርጎ እንዳሰለቸኝ!» አልኳት።

«መደወል ብቻ መሰለሽ?» አለችኝ። «አሥሩንም ቀን ጠዋት ጠዋት መኪናውን ቤትሽ ፊት ለፊት አቁሞ ወደ ሥራ ስትሄጂ ያይሽ ነበር። ማዕዘኑን እስክትታጠፊ።»

«ምን ሊያደርግ?»

«አካሄድሽን ሊያይ።»

አባቴ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ወዲያው ደወልኩለት። «እናትሽ ታወራለች» አለኝ። «ፓርክ አድርጌ ሬዲዮ ስሰማ ነበር። ክልክል ነው?»

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ያን ሰሞን የቤልትላይን የእግረኛ መንገድ በረዶ ግግር ሠርቶ መስታወት ሆኖ ነበር። እኔ ደግሞ የክረምት ጫማ መግዛት ትቼ፣ በስስ ስኒከር፣ በየማለዳው እየተንገዳገድኩ ነበር የምሄደው።