ጨርቁን መልሺ እንጂ

የአጎቴ የጋሼ አርባ ከወጣ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። የኮምፒውተር ኮድ መጻፍ እጀምራለሁ፣ እተዋለሁ፣ እነሳለሁ።

ጋሼ ሸማ ተራ ሱቃቸው ውስጥ ከሸማኔዎች ጋቢ ሲረከቡ እየዘረጉ ያዩ ነበር። መሃል ላይ የተበጠሰ ክር ካገኙ የቀረውን አይዘረጉም፤ አጥፈው ይመልሱና «ቀጣይ!» ይላሉ።

አንድ ቀን አጠገባቸው ሆኜ ፕሮግራም ስጽፍ ተበሳጨሁ። ስህተት ያለበት ፋይል ሲጫን ያ ፋይል ብቻ መሃል ላይ እንዲቆም ብፈልግም፣ ትእዛዜ ፕሮግራሙን በሙሉ ይዘጋዋል። ነገርኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ጨርቁን መልሺ እንጂ ሱቁን ለምን ትዘጊያለሽ?» አሉኝ።

ለካ ትክክለኛው ትእዛዝም «return» ነው፣ ሲተረጎም «መልስ»፤ ያ ፋይል ብቻ ይቆማል፣ ሌላው ይቀጥላል።

ትናንት ሳላስበው እግሬ ሸማ ተራ አደረሰኝ። በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

ጋሼ፣ እርስዎስ ሱቁን ለምን ዘጉት?