ዲመካ ያሉት ጊደሮቼ

ሐኪም ገንዘብ ያውቃል ይባላል። አያውቅም። ቢያንስ እኔ አላውቅም፤ ጂንካ ውስጥ ስንት ዓመት አክሜ ዛሬም የኪራይ ቤት ነው የምኖረው።

የገንዘብ ትምህርቴን ያገኘሁት ከአባቴ ነው። ከጂንካ ትንሽ ወጣ ብሎ እንሰትና ቡና የሚያለማ የአሪ ገበሬ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ነው። ትምህርቱ አጭር ነበር። «አስራቱን መጀመሪያ አውጣ። የቀረውን አትቁጠር፤ የሚቆጥር ሰው መስጠት ይከብደዋል።» ለገበሬ ያስኬዳል መሰለኝ፤ ማሳውን ባይቆጥረውም በዓይኑ ያየዋል። ደመወዝ ግን አይታይም። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ አስራቴን አወጣሁ፣ ታናናሾቼን አስተማርኩ፣ ለለቅሶም ለሠርግም ለጸሎት ቤቱ ቆርቆሮም ሰጠሁ፤ የቀረውን በታዛዥነት ሳልቆጥር አጠፋሁ። ስለ ሀብት የተጻፉ መጻሕፍት አንብቤያለሁ። አንዳቸውም አባቴን አላሸነፉም።

ባለቤቴ አስተማሪ ናት። በየወሩ ትጠይቀኝ ነበር።

«ስንት አለን?»

«ጌታ ይመስገን፣ አለን።»

«ስንት አልኩህ እንጂ አለን ወይ አልኩህ?»

በመጨረሻ ብልህ ለመሆን ወሰንኩ። ለሥራ ዲመካ ስመላለስ፣ የልጃቸውን የሳንባ ምች ካከምኩላቸው አንድ የሐመር አዛውንት ጋር ወዳጅ ሆነን ነበር። በገበያ ቀን አራት ጊደሮች ገዝቼ እሳቸው ዘንድ አስቀመጥኩ። ቀንድ ያለው የቁጠባ ደብተር መሆኑ ነው። ይወልዳሉ፣ እሸጣለሁ፣ ቤት እገዛለሁ። ለባለቤቴም «በይ፣ አራት አለን» አልኳት። ቁጥር ስትሰማ የመጀመሪያዋ ስለነበር ደስ አላት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አከራያችን አርባ ምንጭ ወደምትኖረው ልጃቸው ሊሄዱ ሆነና ቤቱን ሊሸጡት ተነሱ። «ልጆቻችሁ የተወለዱበት ቤት ነው፤ ሦስት ወር እጠብቃችኋለሁ» አሉን። ባለቤቴ ከመምህራኑ ቁጠባና ብድር ማኅበር የምትበደረው ግማሹን ይሸፍናል። ሌላው ግማሽ ከብቶቹ ነበሩ።

በሚኒባስ ዲመካ ወረድኩ። አዛውንቱ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«መጣህ? ረሳን ብለን ነበር።»

«ከብቶቼን ልወስድ ነው።»

«የትኞቹን?»

በጣታቸው ቆጠሩልኝ። አንዷ በድርቁ ሞታለች። አንዷ ሣር ወዳለበት፣ ወንድማቸው ዘንድ ተልካለች። አንዷ ለሌላ ወዳጃቸው ተሰጥታ በምትኳ የእሱ ላም እዚህ መጥታለች። አራተኛዋ ለወንድማቸው ልጅ ጥሎሽ ሄዳለች።

«ማንን ጠይቀው ነው?» አልኩ፣ ድምፄ ከፍ ብሎ።

ሳቁ። «አንተ ልጄን በመርፌ ስትወጋው ማንን ጠየቅክ?»

«እሱ ሕክምና ነው!»

«ይሄ ደግሞ ከብት ነው። አንድ ቦታ ቢሆኑ ድርቁ አራቱንም ይበላቸው ነበር። ያገባው ልጅም ወንድምህ ሆነ። ስትቸገር ሂድ ጠይቀው፣ እምቢ አይልም።»

«የተቸገርኩት እኮ አሁን ነው!»

«አሁንማ ገና ማግባቱ ነው። ምን አለው?»

ከዚያ በምትክ የመጣችውን ላም ጠቆሙኝ። «ይቺን ውሰድ፤ ያንተው ናት።» አጠገቧ አንዲት ትንሽ የልጅ ልጃቸው ወተት ይዛ ቆማለች። አወቅኳት። ክብደቷ አንሶ አምጥተዋት፣ በየቀኑ ወተት ትጠጣ ብዬ ያዘዝኩት እኔው ነኝ። ላሚቱን ተውኳት። ደግነት ነው አልልም፤ ምን እንደነበር እስካሁን አልገባኝም። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ለአባቴ ነገርኩት። ሰማኝና «ለተወለዱት ጥጆች አስራት አወጣህ?» አለኝ።

«አባባ፣ አንዱም እጄ ላይ የለም!»

«እሺ፤ ስንት ናቸው?»

«አላውቅም።»

«ጎበዝ» አለ፣ ደስ ብሎት።

ሦስቱ ወር አለፈና ቤቱን አንድ የጨርቅ ነጋዴ ገዛው። ባለቤቴ አንድ የተማሪ ደብተር አምጥታ አሰመረችና አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ እንቆጥራለን። አስራቱ ዛሬም መጀመሪያ ይወጣል። መስጠት ግን ትንሽ ከብዶኛል፤ አባቴ አልተሳሳተም።

ባለፈው ዓመት በእኔ ጊደር ያገባው ጎረምሳ ሚስቱን ለሕክምና ይዞ ጂንካ መጣ። እኛ ቤት አረፉ። «ወንድሜ» እያለ ሲጠራኝ ሰነበተ፤ ሲሄድም የመሳፈሪያ ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ባለቤቴ በሩን እየዘጋች «ይኸው፣ ጊደሮችህ ወለዱ» አለችኝ።

አሁን ሌላ ቤት አግኝተናል፤ ትንሽ ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ግን የሚሸጥ ቤት ነው። የብድሩ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ነገ ካልመለስነው ቤቱ ያመልጠናል። ሁሉንም ሞልተናል። «የቤት እንስሳት ብዛት» የሚለው ብቻ ባዶ ነው። ባለቤቴ ዜሮ ጻፍ ትላለች። ዜሮ ብጽፍ ሐሰት ይመስለኛል፤ አራት ብጽፍ ደግሞ ሐሰት ነው። እናንተ ደመወዛችሁን ቆጥራችሁ የምታድሩ ሰዎች፣ ምክር አልጠየቅኳችሁም፤ ቁጥሩን ንገሩኝ።